ፍቅር እውነትን ሊሸፍን ይገባዋልን? ስለ ወታደር ሚስቶች ትዝታ

«ከተማ» የሚለው ቃል ዛሬ ሱቅና ትምህርት ቤት፣ አስፋልትና መብራት ያለበትን ሰፈር ያሳስበናል። በጥንቱ አነጋገር ግን ከተማ ማለት ንጉሡ ወይም የጦር አለቃው ከነሠራዊቱ ድንኳኑን የተከለበት፣ ብዙውን ጊዜም ከፍ ያለ ቦታ ነበር። በአገራችን ደቡብ ካሉት ከተሞች ብዙዎቹ የተጀመሩት በዚህ ዓይነት፣ ማለት እንደ ጦር ሰፈር ነው። አዳማና ሞጆን የመሰሉት በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰው የባቡር ሐዲድ ጋር ያደጉ ቢሆኑም፣ በዙሪያቸው የሰፈረው ሕዝብ ትዝታ ግን ከሐዲዱ ይቀድማል። በስምጥ ሸለቆው ከተሞች በአንድ ሰፈር ተጎራብተው ከሚኖሩት ቤተሰቦች አንዱ «አያቴ ከጦሩ ጋር መጡ» ሲል፣ ሌላው «አያቴ ጦሩ ሲመጣ እዚሁ ነበሩ» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ቀን ነው።

ጦር በሰፈረበት ሁሉ ሴቶች ነበሩ። በቀድሞው ዘመን ዘማቹን የሚመግብ የመንግሥት ወጥ ቤት አልነበረም፤ ስንቁን የሚያሰናዱት፣ እህሉን የሚፈጩት፣ ገንቦውን ተሸክመው ተራራና ቆላውን የሚያቋርጡት፣ ቁስለኛውን የሚያስታምሙት ሚስቶችና አገልጋዮች ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ዘመቻ እቴጌ ጣይቱ ብጡል የራሳቸውን ጦር ይዘው እንደ ዘመቱ፣ በመቀሌም የጠላት ምሽግ የሚጠጣበት ምንጭ እንዲያዝ ምክር እንደ ሰጡ ሁላችንም እናውቃለን። ከእቴጌይቱ ኋላ በእግራቸው ስለ ተጓዙት ሺህ ሴቶች ግን የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነው። ስማቸውም አልተጻፈም፤ እነርሱም አልጻፉም።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የምንወደው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከጦር ሰው ጋር በባዕድ ምድር የኖረች ሴት፣ ወይም የእርሷን ታሪክ የወረሱ ልጆቿ፣ ያለፈውን ሲተርኩ ዕዳቸው ለማን ነው? ለባሏ ክብር ነውን? ለእውነት ነውን? ወይስ ሰፈሩ በመካከሉ ለተተከለበት ሕዝብ?

የጻፉት ሴቶች

ይህ ጥያቄ በግልጥ የሚታየው ሴቶቹ ራሳቸው ብዕር ባነሡበት አገር ነው። በአሜሪካ የምዕራቡ ጠረፍ ከነባሩ ሕዝብ ጋር ጦርነት በነበረበት ዘመን፣ ከመኮንን ባሎቻቸው ጋር በምሽግ የኖሩ ሴቶች ብዙ የትዝታ መጻሕፍት ትተዋል። እ.ኤ.አ. በ1866 ጄኔራል ሸርማን ወደ ጠረፍ የሚጓዙትን የመኮንኖች ሚስቶች የዕለት ማስታወሻ እንዲይዙ አበረታትተው ነበር። ከእነዚህ አንዷ፣ የኮሎኔል ሄንሪ ካሪንግተን ባለቤት ማርጋሬት፣ መጽሐፋቸውን በ1868 አሳተሙ። በዚያው በ1866 ታኅሣሥ ወር ፎርት ፊል ከርኒ ከተባለው ምሽግ የወጡ 81 ሰዎች በአንድ ቀን አለቁ፤ ኮሎኔሉም ብርቱ ወቀሳ ደረሰባቸው። በዚያ ቀን ባሏ የሞተባት ነፍሰ ጡር የነበረችው ፍራንሲስ፣ ማርጋሬት ካረፉ በኋላ ኮሎኔሉን አግብታ፣ በ1910 እርሷም የራሷን ትዝታ ጻፈች። ሁለቱም መጻሕፍት የምሽጉን ኑሮ የሚተርኩ ሲሆኑ፣ የአንድን ሰው ስም ከወቀሳ ለማንጻትም አገልግለዋል።

ከሁሉ ይልቅ የታወቁት ኤልሳቤጥ ከስተር ናቸው። ባላቸው ጆርጅ ከስተር እ.ኤ.አ. በ1876 ከነጭፍራው በሊትል ቢግሆርን ጦርነት ሲወድቅ ገና ወጣት ነበሩ። ከዚያ በኋላ 57 ዓመት በመበለትነት ኖረው፣ በ1885፣ በ1887 እና በ1890 ባሳተሟቸው ሦስት መጻሕፍት ባላቸውን ደግ፣ ጀግናና ቤተሰቡን አፍቃሪ አድርገው ሣሉት። ይኸው ሰው በ1868 ኅዳር ወር በዋሺታ ወንዝ ዳር የሻየን ሕዝብ የሰፈረበትን መንደር ጎሕ ሲቀድ ወርሮ፣ የመንደሩ አለቃ ብላክ ኬትል ከሚስቱ ጋር ተገድሏል፤ 53 ሴቶችና ልጆችም ተማርከዋል። ኤልሳቤጥ እነዚያን ምርኮኞች በእስር ሄደው እንደ ጎበኟቸው ራሳቸው ጽፈዋል። አይተዋቸዋል እንጂ አላዩም አይባልም። ነገር ግን ምርኮኛይቱ ስለ ባሏ የምትጽፈው መጽሐፍ አልነበራትም። ከስተርን በብርቱ የሚተቸው የታወቀ የሕይወት ታሪክ የወጣው በ1934፣ ማለት ኤልሳቤጥ ባረፉ በዓመቱ ነው። የአንዲት መበለት ፍቅር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የታሪክን አፍ ለመዝጋት ረዳ ማለት ይቻላል።

ሌላ ምሳሌ ደግሞ እንጨምር። ማርታ ሰመርሄይስ የተባሉ የመኮንን ሚስት በ1908 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በአሪዞና በረሃ በካምፕ አፓቼ የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲወልዱ የሚመክራቸውም የሚረዳቸውም እንዳልነበረ ይናገራሉ። በዚያን ጊዜ የአፓቼ ሴቶች መጥተው በገዛ ልማዳቸው የተሠራ የሕፃን ማዘያ አልጋ ሰጧቸው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሰፈሩ የተተከለው እነዚህኑ ሴቶችና ወገኖቻቸውን ከክልላቸው እንዳይወጡ ለመጠበቅ ነበር። ስጦታውም በመጽሐፉ ውስጥ በምስጋና ተመዝግቧል። ሰጪዎቹ ግን ከጥቂት ገጾች በኋላ ከታሪኩ ይወጣሉ፤ ወዴት እንደ ሄዱና ምን እንደ ደረሰባቸው አንባቢው አይማርም።

በእኛ ምድር

ወደ አገራችን እንመለስ። ከ1882 እስከ 1886 እ.ኤ.አ. በራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ የተመራው የሸዋ ጦር በአርሲ ላይ ደጋግሞ ዘምቷል፤ አርሲዎችም በብርቱ ተቋቁመዋል። በመጨረሻው ዓመት በአዙሌ የተደረገው ጦርነት እጅግ ብዙ ሕይወት የጠፋበት ነበር። በሄጦሳ ወረዳ በአኖሌ እ.ኤ.አ. በ2014 የቆመው ሐውልት የዚያን ዘመን ግፍ የሚያስታውስ ሲሆን፣ የተፈጸመው ነገር ዝርዝርና የሐውልቱ አሠራር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክርክሩ ለምሁራን ብቻ የሚተው አይደለም፤ በአዳማም፣ በአሰላም፣ በሻሸመኔም በልቅሶ ቤትና በማኅበር ላይ ሳይቀር ይሰማልና።

ከዘመቻው በኋላ የመጣው የገባር ሥርዓት ነው። ደመወዝ በገንዘብ የማይከፈለው ወታደር እንደ ማዕረጉ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ገባሮች ይመደቡለት ነበር። ገባሩ ግብር ከመክፈሉም በላይ ለጌታው ቤት ያርሳል፣ አጥር ያጥራል፣ ማገዶ ያቀርባል፤ ሚስቱም እህል ትፈጫለች። ይህ የጉልበት ግዴታ ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ በሕግ ቢሻርም፣ የመሬቱ ጥያቄ እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ዘልቋል።

እንግዲህ በአንድ ጓዳ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ እንበል። አንዲቱ ከመንዝ ወይም ከተጉለት፣ ምናልባት ሳትጠየቅ የተዳረች፣ ከእናቷ መቃብር ርቃ በማታውቀው አገርና በማታውቀው ቋንቋ መካከል የወለደች፣ ባሏ በዘመተ ቁጥር መርዶ ስትጠባበቅ ያደረች ናት። ሁለተኛይቱ የአባቷ መሬት ለሌላ ከተሰጠ በኋላ በዚያው መሬት ላይ የበቀለውን እህል ለሌላ ቤት የምትፈጭ ናት። ወፍጮው አንድ ነው። የፊተኛይቱ መከራ እውነተኛ ነው፤ የኋለኛይቱም እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ የፊተኛይቱ የልጅ ልጆች «አያታችን በበረሃ ስንት መከራ አይታ ይህን ቤት አቀናች» ብለው ሲተርኩ፣ መጁን የያዘችው እጅ የማን እንደ ነበረች ብዙ ጊዜ አይነገርም። የኋለኛይቱም የልጅ ልጆች ሲተርኩ፣ የጌታይቱ እንባ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

በአማርኛ የጦር ሰዎች ትዝታ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በብዛት ታትሟል፤ ሚስቶች የጻፉት ግን ጥቂት ነው። በ1928 ዓ.ም. በኦጋዴን ግንባር ጦሩን የመሩት ደጃዝማች ናሲቡ ዘአማኑኤል በ1929 ዓ.ም. በስደት ስዊዘርላንድ ውስጥ ሲያርፉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አፀደ ባቢቼፍና ልጆቻቸው ደግሞ ኋላ ወደ ኢጣልያ ተግዘዋል። ይህን የቤተሰብ መከራ ለዓለም የተናገሩት እናቲቱ ሳይሆኑ ልጃቸው ማርታ ናሲቡ ናቸው፤ መጽሐፋቸውም በ2005 እ.ኤ.አ. በጣልያንኛ ታተመ። የጦር አዛዥ ቤት እንኳ ቃሉን ለመናገር ወደ ሰባ ዓመት ከፈጀበት፣ ከተራው ወታደር ቤት ምን ልንጠብቅ እንችላለን?

የሚሸፈነውና የማይሸፈነው

«ሚስት የባሏን ነውር ገላጭ አትሁን» የሚል ሰው ይኖራል። ይህም ከንቱ ቃል አይደለም። ፍቅር የኃጢአትን ብዛት እንደሚሸፍን ሐዋርያው ጴጥሮስ አስተምሮናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ ፍቅር ከእውነት ጋር እንደሚደሰት ጽፏል። ሁለቱ ትምህርቶች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ስንለይ ይስማማሉ። እኔ የምሸፍነው በእኔ ላይ የተደረገውን በደል ነው። ባል ሚስቱን ቢያስቀይም፣ ቢቆጣ፣ ስካር ቢያበዛባት፣ ይቅር ብላ ዝም ማለት የራሷ መብት ነው፤ ዕዳው የእርሷ ነውና ልትተወው ትችላለች። በሌላይቱ ሴት ላይ የተፈጸመውን ግን ይቅር የማለት ሥልጣን ከየት ታመጣለች? የሌላውን ዕዳ የሚሰርዝ ሰው ለጋስ አይባልም፤ ያልሰጠውን የሚተው ነውና። የኤልሳቤጥ ከስተር ስሕተት ባላቸውን መውደዳቸው አይደለም። የዋሺታን ሙታን ሒሳብ ከራሳቸው ማድጋ የወጣ ያህል መዝጋታቸው ነው።

እዚህ ላይ ዝምታንና ሐሰትን መለየት ያስፈልጋል። መበለት ሐዘኗን በአደባባይ እንድታወጣ ማንም ሊያስገድዳት አይችልም። ዝም ያለች ሴት እውነትን አልተናገረችም እንጂ እውነትን አልካደችም። ታሪክ ብላ ከጻፈች ወይም ለልጆቿ ካስተማረች ግን፣ ሰሚው እምነቱን አሳድሮባታልና፣ ዋናውን ነገር አውቃ ብትዘለው ጎዶሎ ሚዛን እንደ መስፈር ነው።

ፍቅርና እውነት በአንድ መጽሐፍ ሊያድሩ እንደሚችሉ የሚያሳይ ምሳሌ ከቅርብ ዘመናችን አለን። ሕይወት ተፈራ በ2012 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተሙት ትዝታ፣ ወዳጃቸው የነበረው ጌታቸው ማሩ በገዛ ድርጅቱ በኢሕአፓ እጅ መገደሉን ጽፈዋል። ያ ድርጅት የእርሳቸውም ድርጅት ነበረ፤ የወጣትነታቸውም ተስፋ ነበረ። የሚወዱትን ሰው ለማክበር የሚያምኑበትን ድርጅት ጥፋት መናገር ግድ ሆነባቸው። ይህ ዓይነቱ ምስክርነት ዋጋው ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ተናጋሪው የሚያፈርሰው የጠላቱን አጥር ሳይሆን የራሱን ቤት ግድግዳ ነውና።

«እርሷ ምን ሥልጣን ነበራት?» የሚልም ጥያቄ ይነሣል። እውነት ነው፤ ኃላፊነት የሚለካው በዕውቀትና በነጻነት ነው። ያልወሰነችውን ዘመቻ በእርሷ ላይ መቁጠር ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ትንሽም ቢሆን በእጇ ያለ ነገር ነበረ፦ ለምትፈጨው ሴት መቀመጫ ሰጠቻትን? ልጇ ሲያለቅስ እንድታጠባ ፈቀደችላትን? ስሟን ጠርታታለችን? ስለ ደግ እመቤቶችም ስለ ክፉዎችም የሚነገር ነገር በየቤቱ ይኖራል፤ ይህም ሥርዓቱ ክፉ በሆነ ጊዜ እንኳ ሰው ከማድረግ ምርጫ ፈጽሞ እንደማይወጣ ያሳየናል። መከራ ርኅራኄ ይገባዋል፤ ነገር ግን መከራ ብቻውን ሰውን ጻድቅ አያደርግም፤ በአጠገቡ ያለውንም መከራ የማይታይ ሊያደርገው አይገባም።

የመጨረሻውና የሚከብደው ተቃውሞ «የቆየ ቁስል መነካካት ጠብ ያመጣል» የሚለው ነው። በ1990ዎቹም ሆነ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በየአካባቢያችን የፈሰሰውን ደም ያየ ሰው ይህን ስጋት ሊንቀው አይችልም። ይሁንና ጠብ የሚያመጣው እውነቱ መነገሩ ሳይሆን በግማሽ መነገሩ ነው። ግማሽ እውነት ሁልጊዜ የሌላውን ወገን የሚከስ ነው። የአያት ጥፋት በልጅ ልጅ ላይ አይወርድም፤ «አንተ ነፍጠኛ» እያሉ በአያቱ ሥራ ጎረቤትን ማሳደድ አዲስ ኃጢአት እንጂ የአሮጌው ካሣ አይደለም። የልጅ ልጅ የሚጠየቀው አያቱ ስላደረጉት ሳይሆን እርሱ ስለሚተርከው ነው።

በመካከል የምትቆም ሴት

የአርሲ ኦሮሞ ልማድ ለዚህ ነገር የሚረዳ አንድ ምልክት አቆይቶልናል። ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ እጅ ሲንቄ የተባለውን በትር ትቀበላለች። ወንዶች ሲጣሉ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በሁለቱ ወገኖች መካከል ይገባሉ፤ ያን ጊዜ ጠቡ መቆም አለበት። በዚሁ በትር ለተበደለች ሴትም ይቆማሉ። በሰሜኑ ልማድ ደግሞ ሴት ዘማቹን በእልልታ ትሸኘዋለች፤ ሲመለስም በፉከራው መካከል ታወድሰዋለች። ከዚህ አንዱን ሕዝብ ሰላማዊ ሌላውን ጦረኛ ማለት አይገባም፤ አርሲም ጀግናውን ያወድሳል፣ በሰሜንም ድንጋይ ተሸክመው የሚያስታርቁ እናቶች አሉ። ጥያቄው ትዝታን የምንተርክ እኛ ከሁለቱ አቋቋም የቱን እንይዛለን ነው። ከጀግናው ኋላ ቆሞ ማወደስ ቀላል ነው። በመካከል የሚቆም ሰው ግን ሁለቱንም ፊት ያያል።

በመካከል መቆም የሚጠይቀው ደግሞ ለተሸነፈውም ጆሮ መስጠትን ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት፣ ከዚያም በሰሜን ግንባሮች የወደቁት ወታደሮች ብዙ መበለቶችን ትተዋል። በዚሁ በስምጥ ሸለቆ በአላጌ የተቋቋመው ሕፃናት አምባ አባቶቻቸውን በጦርነት ያጡ ልጆች ያደጉበት ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ያ መንግሥት ሲወድቅና ሠራዊቱ ሲበተን፣ በቢሾፍቱም ሆነ በአዳማ የወታደር ሚስት የነበረች ሴት አንድ ቀን ከነበረችበት ቦታ ተነሥታ ጉሊት ተቀመጠች። ባሏ ያገለገለው መንግሥት ብዙ ግፍ ፈጽሟል፤ ይህ አይካድም። የእርሷ ልቅሶ ግን በዚያ ምክንያት የማይሰማ ሆነ፤ «የደርግ ወታደር ሚስት» ተብላ ስሟ ተዘጋ። ይህን ስናደርግ የጠረፍ ምሽግ ጸሐፊዎቹ በሻየን ሴት ላይ ያደረጉትን በሌላ መልክ ደገምን ማለት ነው፤ የወደቀ ወገን ሚስት ታሪክ የላትም ብለናልና። ለገባሩ ሚስት የምንጠይቀውን ጆሮ ለእርሷ ከነፈግን፣ የምንወደው ፍርድን ሳይሆን ወገናችንን እንደ ሆነ ይታወቃል።

ምን እናድርግ?

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና የማኅበር አባላት በየሰበካቸው ሽማግሌ እናቶችን ያውቃሉ። የ1933ቱን ነጻነት በዓይናቸው ያዩት ጥቂት ቀርተዋል፤ የ1967ቱን የመሬት አዋጅና የ1970ውን ጦርነት የሚያስታውሱ ግን ዛሬም በመካከላችን አሉ። ወጣቶች ደብተር ይዘው እነርሱን እንዲጠይቁ ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የወታደር ሚስት የነበሩትንም፣ የገባር ልጅ የነበሩትንም፣ አማርኛ ተናጋሪውንም ኦሮምኛ ተናጋሪውንም በየቋንቋቸው ይጠይቁ።

ስንጠይቅ ግን ሦስት ነገሮችን አንርሳ። መጀመሪያ፣ የመጡትን «ከእናንተ በፊት በዚህ ቦታ ማን ነበረ? ስሙስ ማን ይባል ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ቀጥለን፣ ነባሮቹን «ከመጡት መካከል ደግ ያደረገላችሁ ነበረን?» እንበላቸው። በመጨረሻም ሁለቱን ወገኖች «ሳትነግሩን ያለፋችሁት፣ ልጆቻችን እንዲያውቁት የምትወዱት ነገር አለን?» ብለን ዝም እንበል። የማይፈልጉትን አናስገድድ፤ የነገሩንንም ለክርክር መሣሪያ አናድርገው።

በካምፕ አፓቼ የተሰጠው የሕፃን አልጋ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ የሰጡት ሴቶች ስም ግን የለም። ያች እናት ልጇን ተቀብላ ስታስተኛበት አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጨመር ኖሮ፣ ማለት «ስምሽ ማነው?» ብትል ኖሮ፣ ዛሬ የምናነበው መጽሐፍ ሌላ በሆነ ነበር። በየጓዳችን ያለው ወፍጮ ዛሬ በሞተር ተተክቷል፤ መጁን የያዙት እጆችም ብዙዎቹ አፈር ሆነዋል። ስማቸውን የሚያውቁ አንዳንድ ሰዎች ግን ዛሬም በመንደራችን ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ። እነርሱም ሳያልፉ እንጠይቃቸው።